ሁለት አደራ

ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ አበሻ አሥራትን ሳያማክር ከገዛ ጥፋቱ የራሱ ነው። ዌስተርቪል ዳር ያለችው ጋራዡ ቅዳሜ ቅዳሜ የክሊኒክ ተራ የያዙ ሰዎች ያሉባት ትመስላለች። አንዱ ሞተር አስነስቶ ያሰማዋል፣ ሌላው ሊገዛ ያሰባትን መኪና ፎቶ በስልኩ ያሳየዋል፣ እሱም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይፈርዳል። «ይኼን ተወው፣ ትራንስሚሽኑ አልቆለታል» ካለ አለቀ፤ ይግባኝ የለም። መኪና ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። የሣር ማጨጃ፣ ማሞቂያ፣ ፍራሽ ሳይቀር ያማክራል። ሳይጠይቁትም ያማክራል።

አንዱን ዕውቀቱን ብቻ ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ የመሣሪያ ዕውቀቱን። አሥራት አዳኝ ነው። በየዓመቱ በኅዳር ከታንክስጊቪንግ በዓል በኋላ ብርቱካንማ ሰደርያውን ለብሶ ከከተማው በስተደቡብ ወዳሉት ኮረብታዎች ይሄድና አጋዘን ይጥላል። ችግሩ አደኑ የሚከፈተው የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ መሆኑ ነው። ሥጋው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይከርማል፣ ሲወጣም ከእሱ በቀር ደፍሮ የሚበላው የለም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች «አዳኙ መጣ» እያሉ ይስቁበታል፤ ሚስቱ ዓለምነሽ ፍሪዘሩን በከፈተች ቁጥር ታጉረመርማለች። እንግዲህ ሰው በሚያውቀው ነገር ካልተከበረ ምን ይዋጠው?

ስለዚህ አንድርያስ ኮል አድርጎ «አሥሬ፣ ጫካ የምይዘው አስተማማኝ ሽጉጥ ምረጥልኝ» ሲለው ደስታውን የሚችለው አጣ።

አንድርያስ ጓደኛው ነው ከማለት ወንድሙ ነው ማለት ይቀላል። ካርቱም በስደት ሳሉ አንድ ክፍል ተጋርተው ኖረዋል፤ ሲያገባ ሚዜው አሥራት ነበር፤ ለልጁ ለናርዲ የክርስትና እናቷ ዓለምነሽ ናት። የኮሎምበስ ዳርቻ በሆነችው ደብሊን ካሉት ትልልቅ ቢሮዎች ባንዱ አካውንታንት ነው። ሥራው ነው እንዳይባል ተፈጥሮውም ነው መሰል፣ እንደሱ ያለ ነገር የሚያገላብጥ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ያችን ካምሪውን ሲገዛ አሥራትን ስንት ቅዳሜ እንዳንከራተተው! ወንበሯን ያሸታል፣ ጎማዋን በጣቱ ይለካል፣ ሻጩን «እንዲህ ጥሩ ከሆነች ለምን ትሸጣታለህ?» ብሎ ያፋጥጣል። ሚስቱ ሸዋረጋ «እኔን ሲያጨኝ እንኳ እንዲህ አላገላበጠኝም» እያለች ትስቅ ነበር።

ሸዋረጋ ባለፈው ፋሲካ ሰሞን በካንሰር ሞተች። ሆስፒታል ተኝታ፣ ድምፅዋ አልቆ፣ አሥራትን በእጇ ጠራችውና ጎንበስ ሲልላት «አንድርያስን አደራ» አለችው። «ኧረ ትድኛለሽ» ሊላት ፈልጎ አልወጣለትም። እሺ አላት።

ከዚያ ወዲህ አደራውን የሚወጣው በሚያውቀው መንገድ ነው። የአንድርያስን ሣር ያጭዳል፣ ዓለምነሽ የሠራችውን ወጥ በላስቲክ ዕቃ ያደርስለታል፣ የመኪናውን ዘይት ይቀይራል። አንድርያስ አሁን የሚሠራው ከቤት ሆኖ ነው። በቀደም ዘይቱን ሲቀይር «ይቺ መኪና ተኝታ ነው እንዴ የከረመችው? ካለፈው ጊዜ ወዲህ ምንም አልሄደችም» ብሎ ቀልዶበታል። ስለ ሸዋረጋ ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ስለ ፍሬን ያወራሉ።

እና አሁን ሰውየው ጫካ ለጫካ መንሸራሸር ጀምሬያለሁ፣ ብቻዬን ስለሆንኩ ደግሞ ኮዮቴ የሚሉት የዱር ውሻ ምናምን ቢመጣብኝስ ይላል። አሥራት ፈነደቀ። ተመስገን፣ ከቤት መውጣት ጀመረ፣ ቅዳሜ እወስድሃለሁ አለው። ማታ እራት ላይ ለዓለምነሽ ሲነግራት በማንኪያው አፈሙዝና ቃታ እያሳያት ነበር።

ዓለምነሽ አልሳቀችም። ሥራዋ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ምን እንደሚመስል በየቀኑ ታያለች። «ለምን እንደፈለገው ጠይቀኸዋል?» አለችው። ነገርኩሽ እኮ፣ ለጫካ ነው አላት። እሷ ደግሞ እሁድ ዕለት አንድርያስ ያደረገውን ነገረችው። ከስንት ወር ጀምሮ የወሰዳቸውን የወጥ ዕቃዎቿን በሙሉ አጥቦ፣ በከረጢት አድርጎ መለሰላት። ባዶአቸውን። ማን ነው ባዶ ዕቃ የሚመልሰው? ሸዋረጋ ቤት እያለች ሎሚም ቢሆን ጣል ሳይደረግበት ዕቃ ተመልሶ አያውቅም።

«ራሱን እንዳይጎዳ እፈራለሁ» አለች ዓለምነሽ።

አሥራት ተቆጣ። አንቺ ሁሉም ሰው በሽተኛ ይመስልሻል፣ አንድርያስ ካርቱምን ያለፈ ሰው ነው፣ ደግሞ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ነው፣ ዕቃ ቢመልስም ጥፋት ባይመልስም ጥፋት ብሎ ጮኸባት። የሚጮኸው ነገሩ ስለገባው መሆኑን እሷ አላጣችውም። አስጨረሰችውና «እሺ፣ ሂድ አብረኸው» አለችው። «ብቻ ሽጉጡን ተወውና ሰውየውን እይልኝ።»

የመሣሪያ ሱቁ ከከተማው ወጣ ብሎ የበቆሎ እርሻ አጠገብ ነው። ባለቤቱ ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ረጋ ያለ ሽማግሌ ሲሆን አሥራትን በየዓመቱ ጥይት ሲገዛ ስለሚያውቀው እንደ ቤተኛ ተቀበላቸው። አሥራትም ዓለምነሽ ያለችውን በር ላይ ትቶት ገባ ማለት ይቻላል። መስታወቱ ሥር የተደረደረውን ሲያይ አፉ ተፈታ።

ሽጉጥም እንደ መኪና ነው ብሎ ጀመረ፤ የሚያምረውን ሳይሆን መንገድ ላይ የማያስቆምህን ነው የምትገዛው። ባለ ካርታው፣ ጥይቱ በእጀታው የሚገባው፣ ብዙ ጥይት ይይዛል፣ ግን ጭቃ ሲገባበት ወይም የያዘው እጅ ላላ ሲል ባዶ ቀለሁን ነክሶ ይቆማል። አውሬ ፊት ቆመህ ደግሞ ሽጉጥ ልጠግን አትልም። ለጫካ የሚሻለው ሪቮልቨር ነው፤ ጥይቱ በሚዞረው ከበሮ ውስጥ ስለሚቀመጥ የሚነክሰው ነገር የለም። እውነቱን ከፈለግክ ይኼ ሁሉ አያስፈልግህም፣ ኦሃዮ ውስጥ ድብ ማየት ሎተሪ ነው፣ ኮዮቴውም ስትጮህበት ይሸሻል፣ በርበሬ የሚረጨው ቆርቆሮ ይበቃሃል አለው። አንድርያስ ግን ራሱን ነቀነቀ። ሽጉጥ ነው የምፈልገው አለ።

ሽማግሌው አንድ ሪቮልቨር አውጥቶ ባዶ መሆኑን አሳያቸውና መስታወቱ ላይ አኖረው። አሥራት አንስቶ ሰጠው። ከበደህ? «ይሁን።» እጀታውስ ተመቸህ? «ይሁን።» አነስ ያለውን እንይ? «ይኼው ይሁን።» አሥራት መጀመሪያ እንዲህ የሚሰማ ተማሪ በማግኘቱ ደስ አለው። ቀጥሎ ግር አለው። ይኼ ሰው እኮ ለሣር ማጨጃ አንድ ወር ያስቸገረ ሰው ነው። ዋጋውን የያዘችውን ወረቀት እንኳ አላገላበጣትም።

አፎቱን እንምረጥ አለው አሥራት፤ የጀርባ ቦርሳ የሚያዝል ሰው ወገቡ ላይ ካሰረው ስለማይደርስበት ደረቱ ላይ የሚታሰረው ይሻላል። አፎት አያስፈልገኝም አለ። እሺ፣ መተኮሻ ቦታ ሄደን እጅህን እናፍታታ፣ ሳይለማመዱ ሽጉጥ መያዝ መንጃ ፈቃድ ሳይኖር መንዳት ነው። አያስፈልገኝም። የምትሄድበት ጫካ የት ነው ታዲያ? አንድርያስ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሳ «እዚያ ወዲያ» አለ። ከዚያ ጠየቀ፤ የጠየቀው ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ነው።

«አይከሽፍም አይደል?»

አሥራት በአፉ የመጣለትን መለሰ። ይኼማ በፍጹም አይከሽፍም አለ፣ በኩራት። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሳያልቅ ዓይኑ ወደ መሬት ወረደ። የአንድርያስን ጫማ አየ፤ የቢሮ ጫማ፣ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ። ኮረብታዎቹ የሰዓት መንገድ ናቸው። መኪናዋ ደግሞ ተኝታ ነው የከረመችው። እሱ ራሱ አይቷል፣ እሱ ራሱ ቀልዶበታል። ጫካ የሚባል ነገር የለም።

ሽማግሌው ለምዝገባው የሚሞላውን ቅጽ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ። አንድርያስ ሽጉጡን ቁልቁል እያየ፣ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ያህል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«አሥሬ፣ ናርዲን አደራ።»

አደራ ሲባል መልሱ እሺ ነው። ከዚህ ሌላ መልስ አሥራት ሰምቶ አያውቅም፤ እንቢ የተባለ አደራ በዘመኑ አላየም። አባቱ ሲሞቱ እናታችሁን አደራ ብለው እሺ ብሏቸዋል። ከካርቱም በበረሃ ወደ ሊቢያ የወጡት ልጆች መልእክት አደራ ብለውት እሺ ብሏቸዋል። አደራ የሚለው የሚሄድ ሰው ነው። ቅዳሜ ወጥቶ እሁድ የሚመለስ ሰው፣ ለሽርሽር የሚሄድ ሰው፣ ልጁን አደራ አይልም። አሥራት መስታወቱን ተደገፈ።

«አልቀበልም» አለ።

አንድርያስ ቀና ብሎ አየው። በስንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ሸዋረጋ አንተን አደራ ብላኝ ነው የሄደችው» አለ አሥራት። «ሆስፒታል፣ ጆሮዬ ላይ። እሺ ብያታለሁ። ያንተን ከተቀበልኩ የሷን በላሁ ማለት ነው። እኔ የሸዋረጋን አደራ አልበላም። ናርዲን ራስህ ጠብቃት። ራስህ ዳራት።»

አሥራት የአንድርያስን እጅ ይዞ፣ ዓለምነሽ ጠይቀው ብትለው በምንም ተአምር አይወጣኝም ይል የነበረውን ጥያቄ ጠየቀው።

«ራስህን ልትገድል ነው?»

«ደክሞኛል» አለ አንድርያስ። «ቤቱ ዝም ይላል፣ አሥሬ። በጣም ዝም ይላል።»

ሽማግሌው ሲመለስ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው እጅ ለእጅ ተያይዘው አገኛቸው። አሥራት ዛሬ አንገዛም አለው። ሰውየው ሁለቱንም አየና ምንም ሳይጠይቅ ሽጉጡን አንስቶ ቆለፈበት፣ ከባንኮኒው ኋላ ያለችውን ወንበር አምጥቶም ለአንድርያስ አቀረበለት።

ፓርኪንጉ ላይ፣ የአሥራት ፒክአፕ ውስጥ ተቀምጠው አለቀሱ። አሥራት በሸዋረጋ ቀብር ያላለቀሰውን እንባ ሁሉ እዚያ አፈሰሰው፤ ስለ ፍሬን ሲያወራ የባከነው ጊዜ አንገበገበው። ዓለምነሽ ጋ ሲደውል ገና ሃሎ ሳይል ገባት። ከዚያ ማታ ጀምሮ ስትጠይቅ ሰንብታ የት እንደሚወሰድ አውቃ ተዘጋጅታ ነበርና በቀጥታ ወደ ሐኪሞቹ አምጣው አለችው። አብረው ገቡ። አሥራት ውጡ እስኪባል ድረስ ከአጠገቡ አልተነሳም። ለናርዲ አንድርያስ ራሱ ደውሎ ነገራት፤ በእንግሊዝኛ ጀምራ በአማርኛ አልቅሳ ጨረሰች፣ በማግስቱም ከምትማርበት ሲንሲናቲ መኪናዋን እየነዳች መጣች።

ሐኪሞቹ ቤቱ ብቻውን አይሁን ስላሉ አንድርያስ እነአሥራት ቤት ምድር ቤት ያለችው ክፍል ገባ። ከመግባቱ በፊት አሥራት ጠመንጃዎቹን በሙሉ ጭኖ አፐር አርሊንግተን ለሚኖረው ለጓደኛው ለግርማቸው አስረከበ፤ የሳጥኑን ቁልፍ ጭምር። ጾሙ ሲገባ ሰደርያው ከተሰቀለበት አልወረደም። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖር ያደርሰዋል፣ ቅዳሜ ደግሞ ጋራዡን በጊዜ ዘግቶ እውነተኛ ጫካ ይወስደዋል፤ የበርበሬዋን ቆርቆሮ ኪሱ ከትቶ። አሁን ስለ ሸዋረጋ ያወራሉ። አንዳንድ ቀን አንድርያስ መንገዱን ሙሉ ዝም ይላል። በግራ እንሂድ ሲሉት ይሁን፣ በቀኝ ሲሉት ይሁን። ያ «ይሁን» አሥራትን ያስፈራዋል።

ገና ደረሰ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው አዳኙ ዘንድሮ ባዶ እጁን ቀረ እንዴ ብለው ሲስቁ፣ ዓለምነሽ ከወንዶቹ መሀል ዳቦ የያዘውን አንድርያስን አየችና አልቀረም አለች።

በረዶው ቀልጦ ጭቃ የሆነ ሰሞን፣ የአንድርያስ የቢሮ ጫማ በመጨረሻ አፉን ከፈተ። አሥራት ወደ ጫማ መደብር ወሰደውና ለጫካ የሚሆን አንድ ጥሩ ጫማ መርጦ ሰጠው። ይሁን እስኪለው ጠበቀ። አንድርያስ ጫማውን ገለበጠው። ሶሉን በጥፍሩ ጫር አደረገው። ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አድርጎ፣ ውስጡን አሽትቶ፣ ሻጯን ልጅ ጠራትና ይኼን ያህል የቀነሳችሁት ለምንድነው፣ ውሃ ያስገባል እንዴ ብሎ አፋጠጣት። ሌላ አምጪልኝ አላት። ሌላውም አልጣመውም። የመደርደሪያውን ጫማ ሁሉ አስወረዳት።

አሥራት ሹልክ ብሎ ወጣና ዓለምነሽ ሥራ ላይ እያለች ደወለላት። ደንግጣ ምን ሆነ አለችው።

«ጫማ እያማረጠ ነው» አላት። «አንዱንም አልወደደውም።»

በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማት። እሱም ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ተመልሶ ገባና እስኪመርጥ ድረስ ቁጭ ብሎ ጠበቀው።