ሳትጣራ የተሻገረችው ውሃ

ጀልባ የለም። ባለሞተር ጀልባው ሰውዬ ነፋሱን አየና ገመዱን ደግሞ አጠበቀው፤ ከዚያ ሩዙን ሊበላ ቤቱ ገባ። ሱክሞይ ደጁ ላይ ቆማ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ እንደገና ለመነችው። አፉን ሞልቶ "በዚህ ባሕር? እኔ ልጆች አሉኝ" ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። እውነቱን ነው። ሱክሞይ ግን ዕድሜ ልኳን ይቅር አላለችውም።

ስለዚህ ጉዞው በእግር ሆነ። አባቷ ቹንግ ታይፋት ጉልምስናቸውን በሰው አገር መርከብ ላይ ከሰል ሲያነዱ ጨርሰው፣ ሳንባቸው አልቆ፣ የከተማው ሐኪም "ወደ ቤት ውሰጂያቸው" ብሎ ያሰናበታቸው ሰው ናቸው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መንደራቸው ሴክዋይ ገብተው በተወለዱበት አልጋ ላይ መሞት። ሴክዋይን በግንብ ያጠሯት አያቶቻቸው ናቸው፤ የባሕር ወንበዴ ፈርተው። በሯ አንድ ነው፣ ሕጓም እንደ ግንቧ ድርቅ ያለ ነው። ነፍስ ያለው ሰው እያጣጣረም ቢሆን ይገባል። መንገድ ላይ የሞተ ግን የፈለገ ቢከበር፣ የፈለገ ገንዘብ ሲልክ ቢኖር፣ ሬሳው ከበሩ ውጭ ዳስ ተጥሎለት እዚያው ያድራል፤ ቀብሩም ከዚያው ይወጣል።

ሱክሞይ ይህን ፈራች። ከአልጋው አንስታ ልብስ ስታለብሳቸው ፈራች፤ አውቶቡስ ላይ ጭንቅላታቸውን ደግፋ ፈራች፤ አሁን ደግሞ የባሕሩን ዳር ዳር የሚሄደውን ቀጭን መንገድ አይታ ፈራች።

የአክስቷ ልጅ ሊንፉክ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ ተዋሰና ከወፍራም ቀርከሃ ሥር አንጠለጠለው። ሽማግሌውን መረቡ ውስጥ አስተኟቸው፣ ሸራ አለበሷቸው። ሊንፉክ ከፊት፣ ሱክሞይ ከኋላ ሆነው ቀርከሃውን ትከሻቸው ላይ አደረጉት። የሀካ ሕዝብ ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ የምትሸከመው አታጣም፤ ማገዶ፣ ፍግ፣ የግንብ ድንጋይ። አባቷን ተሸክማ ግን አታውቅም ነበር።

"ጋሼ ታይፋት፣ ምቾት አለዎት?" አለ ሊንፉክ ወደኋላ ሳይዞር። ሲፈራ አፉ አያርፍም። "እንደርስዎ ተኝቶ የሚሄድ ባለሥልጣን ብቻ ነው እኮ!"

"አንተ ዝም ብለህ ተሸከም" አሉ ሽማግሌው ከሸራው ሥር። ድምፃቸው እንደ ወረቀት ሳስቷል። "በልጅነትህም ወሬኛ ነበርክ።"

መንገዱን ሦስት ውሃ ያቋርጠዋል። የመጀመሪያው ትንሽ ነው፤ በላዩ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተጋድመውበታል። ሱክሞይ እግሯን ድንጋዩ ላይ ከማሳረፏ ሽማግሌው ከውስጥ ጮኹ።

"ሱክሞይ! እንዳትጠሪኝ አደራ! ገና አለሁ!"

ሊንፉክ እስኪያስለው ሳቀ። ሱክሞይ አልሳቀችም። በዚያ አገር ሬሳ ይዞ ውሃ የሚሻገር ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ "አባባ፣ ውሃ ነው፤ ይሻገሩ" ብሎ መጣራት አለበት። ነፍስ ውሃን ብቻዋን አትደፍርም። ሳይጠሯት ካለፉ እዚያው ማዶ ቁጭ ብላ ትቀራለች፤ ብትፈልግ መቶ ዓመት። በሕይወት ላለ ሰው እንዲህ ብሎ መጣራት ደግሞ ሞትን "ና፣ ይኸውልህ" እንደማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ሁለተኛው ውሃ ላይ የበሰበሰ ሳንቃ ነበር። እዚያም አባቷ በሕይወት አሉ። ሳሉ፣ ሳሉ፣ ከዚያ "ጭቃው ሸተተኝ" አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነበር። ማዶ ሲደርሱ መረቡን አውርደው ቆሙ። ሱክሞይ የሸራውን ጫፍ ገልጣ ከኮዳው የዝንጅብል ሻይ አቀመሰቻቸው። ግማሹ በአገጫቸው ወረደ። የተረፈውን የሩዝ ቂጣ ሊንፉክ ቆሞ በላው።

"እናትሽ ዶሮዎቹን አስገብታለች?" አሉ አባቷ።

እናቷ ከሞተች ቆይታለች። ሱክሞይ ኮዳውን ከደነች። ሊሞት የተቃረበ ሰው የሞቱትን ማየት ይጀምራል ሲባል ሰምታለች።

"አስገብታለች፣ አባባ" አለች። ወዲያው ዝናብ ጀመረ፤ ሸራውን መልሳ አለበሰቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ረግረጉ ነው። ማንግሮቭ የሚሉት ዛፍ ሥሩን ከጭቃው በላይ ዘርግቶ ቆሟል፤ መንገዱ በመሃሉ ይሽሎከለካል። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ጭቃው ባዶውን ያብለጨልጫል፤ ሸርጣኖቹ ኮቴ ሲሰሙ ጉድጓዳቸው ይገባሉ፣ ካለፉ በኋላ ይወጣሉ። በጦርነቱ ጊዜ ከወታደር የሸሹ ሰዎች ሌሊት እዚህ ገብተው የባሕሩ ሙላት ጨርሷቸዋል። የጠራቸው ልጅ አልነበረም። ስለዚህ በዚህ ሲያልፉ ከኋላ በስም የሚጣራ ቢኖር አይመለስለትም፣ አይዞሩለትም። ሱክሞይ ከልጅነቷ የተማረችው እንዲህ ነው፤ ትልቅ ሰው ሆናም አንገቷ ይኸው እንደ እንጨት ደርቋል። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይላሉ፤ እሷም በዚያ ዝናብ ላብ ሲያጠምቃት ታወቃት።

የአባቷ ሳል ቆሟል።

መቼ እንደቆመ አላወቀችም። ዝናቡ ሸራው ላይ ስለሚንጣጣ ይሆናል የማይሰማኝ አለች በልቧ። ተኝተው ይሆናል። እንቅልፍ ሲወስድ ሳል ይተዋል። ቀርከሃው ግን ትከሻዋ ላይ ከበዳት። ሬሳ ይከብዳል ይባላል። መረቡ ውሃ ጠጥቶ ነው፣ አለች፤ ጥርሷን ነከሰች። ሸራውን ለመግለጥ አንድ እጅ ብቻ ይበቃ ነበር። ያን እጅ ግን ቀርከሃው ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ሦስተኛው ውሃ ሰፊ ነው፤ ድልድይም የለው። ሙላቱ ጀምሯል፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ዓይነት ውሃ፣ ለስላሳና ዝም ያለ። ሊንፉክ ዳሩ ላይ ቆመ። ቀልዱ አልቆበታል።

"ሱክሞይ፣ እስቲ እያቸው።"

"ዝናቡ ይገባባቸዋል።"

"ዝናቡን ተዪው ባክሽ! ከረግረጉ አፍ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔን ሳይሳደቡ ይህን ያህል ቆይተው ያውቃሉ?"

"ተኝተዋል።"

"እንግዲያው ጥሪ። ለማንኛውም ጥሪ።"

"በሕይወት ያለ አባቴን እንደ ሬሳ ልጥራ? አንተ ነህ የምትገድላቸው!"

"ቢሞቱስ? እዚህ ጥለናቸው ልንሄድ ነው?"

"አልሞቱም አልኩህ! ተራመድ!"

ተራመደ። ውሃው ከጉልበት አልፎ ጭን ደረሰ። መሃል ላይ መረቡ ዝቅ አለና የሽማግሌው ጀርባ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ተነከረ። ሱክሞይ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። የታመመ ሰው ጀርባው ሲረጥብ ያቃስታል፤ ቢያንስ ይንቀሳቀሳል። ምንም የለም። ያን ጊዜ አወቀች። ማወቋን ደግሞ እንደ ትኩስ ነገር ወዲያ ጣለችው፤ አፏንም ሳትከፍት ማዶ ወጣች።

ሴክዋይ ሲደርሱ ብርሃኑ ሊሸሽ ነበር። በሩ ላይ የአባቷ ታላቅ ወንድም ታይሎይ ፋኖስ ይዞ ቆሟል። ከቀትር ጀምሮ ሲጠብቅ ነው የዋለው። መረቡን መሬት ላይ አስወረዳቸው፤ ጎንበስ ብሎ እጁን ከሸራው ሥር አስገባ። እጁ ብዙ አልቆየም።

"ቀዝቅዟል" አለ። "ከቀዘቀዘም ቆይቷል።"

የፈሩት ይደርሳል፤ ደረሰ። ሱክሞይ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስ ጀምራ ነበር፣ ታይሎይ ግን በጥያቄ አቋረጣት።

"ትልቁ ውሃ ላይ ጠራሽው?"

ጭቃውን በጣቷ ጫረች። ሊንፉክ ወደ ጫማው አየ።

"አንቺን እኮ ነው! ጠራሽው?"

"ያሉ መስሎኝ..." አለችና በውሸቷ አፈረች። "ፈራሁ፣ አጎቴ። ከጠራሁ ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ።"

ታይሎይ አልተቆጣም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ፋኖሱን አስቀምጦ የሟች ወንድሙን እግር በሸራው ሸፈነ።

"ሬሳው እዚህ ያድራል። ሕግ ነው፣ ለወንድሜ ብዬ አላፈርሰውም" አለ። "ነፍሱን ግን በር አይከለክላትም። ባሕሩ ሳይሞላ ሂጂ። ማዶ ተሻግረሽ ጥሪው፤ ከዚያ ፊት ፊት እየሄድሽ ምሪው። ወደኋላ ግን እንዳትዞሪ። ከዞርሽ ይመለሳል።"

"ይመሻል እኮ!"

"አዎ፣ ይመሻል።"

"ሊንፉክ ከእኔ ጋር..."

"ልጁ አንቺ ነሽ።"

ሊንፉክ እስከ ትልቁ ውሃ ዳር ሸኛት። "እዚሁ ቆሜ እዘፍናለሁ፤ ድምፄን ስትሰሚ መንገዱ አይጠፋሽም" አለ። መዝፈን ጀመረ፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ አለቀበት።

ሱክሞይ ውሃው ውስጥ ስትገባ ወገቧ ደረሰ። ጭቃው እግሯን ይስባል፤ በላብ ይሁን በዝናብ ይሁን በእንባ ዓይኗ አያይም። ማዶ ወጥታ ቆመች። ዛፎቹ ጨለማ ሆነዋል። ከሥራቸው አንድ ነገር ጠብ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ጠብ ይላል። ቀኑን ሙሉ የፈራችው አባቷ እንዳይሞቱ ነበር። አሁን ደግሞ የሞቱትን አባቷን ራሳቸውን ፈራች፤ ይህ ከፊተኛው ይልቅ አሳፈራት።

"አባባ" አለች። አልወጣላትም። "አባባ! ውሃ ነው! ይሻገሩ!"

የመለሰ የለም። ወፍ እንኳ አልተነሳም። ወደ ውሃው ዞረች፤ ሁለት እርምጃ ገባች። ከኋላዋ ውሃው ተንቦጫረቀ።

ዓሣ ሊሆን ይችላል። ሸርጣን ሊሆን ይችላል። በጦርነቱ እዚህ ከቀሩት አንዱም ሊሆን ይችላል፤ ጥሪ ሲሰማ የኔ ነው ብሎ የተነሳ። እግሯ አልንቀሳቀስ አለ፤ ውሃው ደግሞ ጡቷ ሥር ደርሷል። ዞር ብላ ብታይ ሁሉም ያልቅ ነበር፤ ፍርሃቱም፣ አባቷም። አንገቷ መዞር ጀመረ።

"አልቻልኩም!" ብላ ጮኸች፤ እንደ ሕፃን። "አባባ፣ ከኋላዬ አይሁኑብኝ። እፈራለሁ። እርስዎ ይቅደሙ፣ እኔ እከተልዎታለሁ።"

እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ማንም እንዲህ ብሎ ጠርቶ አያውቅም። ውሃው በጎኗ እንደ ወትሮው ፈሰሰ፤ ከፊቷ ምንም አላየችም። እግሯ ግን ተነሳ። አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች፤ አባቷ የሚረግጡት የት እንደሆነ እንደምታይ ሁሉ፣ ጥልቁን በግራ ትታ፣ በድንጋያማው በኩል ወጣች። ማልቀሷን አላቆመችም፤ መፍራቷን ግን አቁማ ነበር።

ሊንፉክ አያት፣ ምንም ሳይጠይቅ ከኋላዋ ተከተላት። በሩ ላይ ታይሎይ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ቆሟል። የሴክዋይ በር በዚህ ሰዓት ተከፍቶ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ክፍት ነው።

"መጣ?"

"መጥተዋል።"

ታይሎይ ጎንበስ ብሎ በትከሻዋ አሻግሮ ከኋላዋ ያለውን ጨለማ አየ። "ከኋላሽ ነው?"

"አይደሉም፣ አጎቴ። ስለፈራሁ ቀድመውኝ ገብተዋል።"

ታይሎይ ፋኖሱን ይዞ ወደ ውስጥ፣ ባዶ ወደሆነው ጠባብ መንገድ ዞረ።

"ታይፋት" አለ፤ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ።"

በሩን ዘጋው።