ዘይት የማይወደው ብረት

«እማዬ፣ ይሄን ብረት የነካ ሰው አለ?»

ልጅቷ ይህን ስትጠይቅ በረንዳው ላይ ተንበርክካ፣ ጣቷን በሞተር ሳይክሉ የፊት ጎማ መሃል ባለው ክብ ብረት ላይ አሳርፋ ነበር። ወንድሟ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የተላጠ ጉልበቱን እፍ እፍ ይላል። እናትየው በስፌት መኪናዋና በበሩ መካከል ቆማለች። ምን ብላ ትመልስ? እሷ ያደረገችው በጎ ነገር ነው፤ ልጇ የምትጠይቀው ስለ ክፉ ነገር ነው።

ሞተር ሳይክሉ እንዲያው ለሰፈር መመላለሻ የሚሆን አይደለም። ግራና ቀኙ የብረት ሻንጣ የሚሸከም፣ ኮረኮንችና አሸዋ የማይበግረው፣ አገር ላገር ለመዞር የተሠራ ግዙፍ ነገር ነው። በረንዳው ላይ ሲቆም የመስኮቱን ብርሃን ስለሚጋርድ እናትየው «ይሄ በሬ» ትለዋለች። ልጇ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ተራራውንና በረሃውን አቋርጦ ወራት የሚፈጅ ጉዞ ሊሄድበት ቆርጧል። የሚነዳው እሱ ነው፤ የምትጠግነው ግን እህቱ። ጋራዥ ውላ ትመጣና ቱታዋን ሳታወልቅ እዚያው ትቀጥላለች። ጎማ የሚያዞረውን ካቴና አጥባ፣ የአየር ፊልትሮውን አራግፋ፣ የፊት ሾኩን ዘይት የሚይዝ ላስቲክ ቀይራ፣ የፍሬኑን ሸራ አድሳለች። ወንድሟ «ብሎን» ይላታል። እሷም «ጌታው» ትለዋለች፤ ሻይ እየጠጣ ያያታልና።

እናትየው ግን የጉዞው ወሬ ከተነሣ ወዲህ እህል አይወርድላትም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይሰቀላል። ቤታቸው ቁልቁለት አናት ላይ ነው፤ ከታች፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ ከባድ መኪኖች የሚከንፉበት አውራ ጎዳና አለ። እነሱ ባለፉ ቁጥር መስታወቱ ይርገበገባል፤ እሷም አብራ ትርገበገባለች።

«ይሄ ነገር አላማረኝም» ስትል ልጇ ይስቃል።

«አንቺ እኮ ካፊያ ሲያካፋም ጎርፍ መጣ ነው የምትዪው።»

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ።»

«እንግዲያው አትፍሪዋ!»

እንዲህ ሲባባሉ ሰነበቱ። ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግሥት፣ ልጆቿ ሥራ እንደሄዱ፣ እናትየው ያንን ክብ ብረት ቡናማ ዝገት ለብሶ አየችው። በእሷ ሙያ ሕጉ አንድ ነው፦ የሚሽከረከር ብረት ዘይት ካልጠጣ ይበላል፣ የተበላ ይሰበራል። የስፌት መኪናዋን ለዘመናት ያቆየችው ጠብ ጠብ እያደረገች በማጠጣት ነው። ስለዚህ ባለ ቀጭን አፉን የዘይት ቆርቆሮ አነሣች። የፊቱንም የኋላውንም ብረት አጠጣች፤ በቁራጭ ጨርቅ እስኪያብረቀርቅ አሸች። እያሸችም «አደራህን፣ ልጄን አደራህን» አለችው፤ ብረቱን ይሁን ፈጣሪን እሷም አልለየችውም።

ሲመሽ ልጇ መጥቶ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ተነሣ። እናትየው በሩ ላይ ቆማ አየችው። ቁልቁለቱን በዝግታ ጀመረ፤ ከዚያ ዝግታው ጠፋ። እጁ ፍሬኑን እንደጨበጠ ከሩቅ ይታያል፣ እግሩም ረግጧል፤ በሬው ግን አልሰማ አለ። ታች አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው። ልጁ በመጨረሻዋ ቅጽበት መሪውን አጥፎ ከአንድ ግንብ ጋር ተላተመና ወደቀ። ጎማው ግንቡ ሥር ተጋድሞ መሽከርከሩን ቀጠለ።

እየገፉ መልሰው ካመጡት በኋላ ነበር ያ ጥያቄ የመጣው። እናትየው ሳትመልስ ወንድምየው ቀደመ።

«ማን ይነካዋል? አንቺው ነሻ የነካሽው! ዘይት ነው፤ ከቀየርሽው ላስቲክ ሾልኮ፣ ወደ ኋላም ተረጭቶ ነው። ልትገድይኝ ነበር እኮ፣ ብሎን!»

«ላስቲኩን በደንብ ነው የገጠምኩት።»

«ታዲያ ዘይቱ ከሰማይ ወረደ?»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞራ በቀስታ አስረዳቻት። «እማዬ፣ ፍሬን የሚይዘው ሸራው ይሄን ብረት ቆንጥጦ ነው። ሌላው ብረት ዘይት ይወዳል፤ ይሄ ግን አይወድም። ጠብታ ከነካው ሸራው ይጠጣዋል፤ ከዚያ ብትጨብጪው ብትጨብጪው መንሸራተት ነው።»

እናትየው የስፌት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ይኼኔ ነው ልጇ የራስ ቁሩን ወደ ጥግ ወርውሮ «በቃ፣ እኔ በዚህ ነገር አልሄድም!» ያለው።

አልሄድም። ስንት ለምና ያጣችው ቃል እንዲህ በነፃ መጣ። ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰውን ዋጠችው።

በማግሥቱ ልጅቷ የፊቱን ሾክ እንደገና ፈታችው። ላስቲኩ ደረቅ ነው። ጠረገችው፣ በብርሃን አየችው፣ በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ገጠመችውና መልሳ ፈታችው። ጋራዥ ውስጥም የጠበቀ ብሎን እየፈታች ማጥበቅ እንደጀመረች፣ አለቃዋም «እጅሽ ምን ነካው?» እንዳላት ለእናቷ ነገረቻት። እናትየው ጨርቋ ላይ አጎንብሳ መርፌው ሥር ያለውን ስፌት አየች። ስፌቱ ጠሟል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው።

ልጅቷ ግን እጅ አልሰጠችም። ብረቶቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፣ በአልኮል አጠበች፣ ከፊትም ከኋላም አዲስ ሸራ አስገባች። «ነገ ጠዋት፣ የጉዞው ጓደኞች ሊወስዱት ሳይመጡ፣ ቁልቁለቱን ራሴ ወርጄ እሞክረዋለሁ» አለች። «ከያዘ፣ ጌታው መንገዱን ይቀጥል። ካልያዘ፣ ሁለተኛ መፍቻ አልነካም።»

ወንድምየው የተጠቀለለ ጉልበቱን እየደባበሰ «ከያዘማ እሄዳለሁ» አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ሁለቱም ወጡ። ደመናው ጣሪያው ላይ የተደፋ ይመስላል። እናትየው ስፌቷን አቋርጣ ተነሣች። ዘይቱን አነሣች። አሁን ታውቃለች፤ አለማወቅ የሚባል መሸሸጊያ የላትም። አንድ ጠብታ ብቻ፤ ሞተሩ እንቢ እንዲል፣ ልጇ ቤቱ እንዲቀመጥ። ተንበረከከች። ጠብታዋ ቆርቆሮው አፍ ላይ ወጥታ ተንጠለጠለች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታያት፦ ነገ ጠዋት ቁልቁለቱን የሚወርደው ልጁ አይደለም። ልጅቷ ናት። ሌላውን መዳፏን ከሥር አነጠፈች። ጠብታዋም እዚያ ላይ ወደቀች።

«እማዬ?»

ልጅቷ ብሎን ገዝታ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች። መጀመሪያ ቆርቆሮውን፣ ከዚያ መዳፉን፣ ከዚያ የእናቷን ፊት አየች።

«አላደረግኩም» አለች እናትየው። «ላደርግ ነበር እንጂ።»

«የመጀመሪያውንስ?»

«እሱን ሳላውቅ ነው። ዝገት አይቼ፣ እንዳይበላው ብዬ። በልጆቼ እምላለሁ ሳላውቅ ነው።»

«ካወቅሽ በኋላስ?»

እናትየው መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«እጄ ተበላሸ ብዬ ሳብድ እያየሽኝ?»

«ካወራሁ ይሄድብኛል ብዬ ነው ልጄ። መንገድ ይበላብኛል ብዬ።»

ልጅቷ ቆርቆሮውን ከእናቷ እጅ ተቀብላ ስፌት መኪናው አጠገብ፣ ከቦታው አኖረችው። ከዚያ አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ አምጥታ ያንኑ ንጹሕ ብረት እንደገና ማጠብ ጀመረች። እናትየው «አልነካሁትም እኮ» ልትል ነበር፤ ጨርቁ ሲመላለስ አይታ ተወችው።

«ለሱ አንቺ ንገሪው» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል።

እራት ላይ ነገረችው። ልጁ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ አዳመጣት። ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ፣ በእጁ የያዘውን እንጀራ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠና «ታዲያ ሞተሩ ምንም አልሆነም ማለት ነው?» አለ። ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። የተደበቀበትን ግድግዳ ያፈረሱበት ሰው ድምፅ ነበር።

ጠዋት ልጅቷ ቁልቁለቱን ወረደች። እናትየው ዓይኗን ጨፈነች፤ ጎማው ሲጥ ሲል ሰምታ ነው የገለጠችው። በሬው ከአውራ ጎዳናው ወዲህ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከልጅቷ ፊት የጭነት መኪኖች እየተከታተሉ አለፉ። አዙራ ወጣች። ጓደኞቹም በየሞተራቸው ሰፈሩ ጫፍ ደርሰው ጥሩምባ ያሰማሉ።

«ይዟል» አለች ልጅቷ። «ውጣበት እንግዲህ፣ ጌታው።»

ልጁ ቁልቁለቱን አየ። ግንቡ ላይ የቀረውን ጭረት አየ። «ጉልበቴ...» አለ።

«ጉልበትህ ነው ወይስ ልብህ?»

«ሁለቱም» አለ፤ ራሱን አቀረቀረ። «ዓይኔን ስጨፍን ጎማው ሲሽከረከር ነው የሚታየኝ። አልችልም፣ ብሎን።»

ልጅቷ ጃኬቱን ከትከሻው ላይ አውልቃ ለበሰችው።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለች እናትየው።

«ጓደኞቹ መካኒክ ቢኖረን ሲሉ ነበር። ይኸው።»

«አንቺማ አትሄጂም! ልጄ፣ በሞቴ! ያ በረሃ፣ ያ ገደል...»

«ለኔ ስትፈሪ ገና ዛሬ አየሁሽ፣ እማዬ» አለች ልጅቷ። በምሬት አልነበረም፤ እንደተገረመች ነበር። «ጋራዥ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።»

እናትየው የጃኬቱን እጅጌ ያዘች። ስንት ጨርቅ የያዘ እጅ ነው፤ ይሄን ግን ሊይዘው አልቻለም። ጓደኞቹ መጀመሪያ ግር አላቸው፣ ከዚያ ቦታ ለቀቁላት። የሞተሩ ድምፅ ቁልቁለቱን ወርዶ ከከባድ መኪኖቹ ጋር ተቀላቀለ፤ የቱ የእሷ እንደሆነ መለየት ቀረ። ዝናቡም ጣለ።

ወንዱ ቀረ። ሴቷ ሄደች።