የዶይል ካንዴላዎች

ባሌ ዶይል ከዘጠኝ ሰከንድ በታች ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ ካለ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። የመኪና እሽቅድምድሙ መንገድ ሩብ ማይል ነው፤ በቆሎ እርሻ መሀል የተነጠፈ ቀጥ ያለ አስፋልት። እዚህ ኢንዲያና ሰው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ቅዳሜ እዚያ ይሄዳል።

መኪናው እንዲቀልለት ያልነቀለው ነገር የለም። የጎን ወንበሩን ነቀለ፣ ማሞቂያውን ነቀለ፣ መስታወቱን በፕላስቲክ ቀየረ። "የቀረሁህ እኔ ብቻ ነኝ" ስለው፣ "አንቺማ ታስፈልጊኛለሽ፣ ካንዴላ ማን ያነብልኛል?" ይለኛል። እውነቱን ነው። ከሩጫ በኋላ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ ጫፉን ማየት የእኔ ሥራ ነው፤ አባቴ ነው ያስተማረኝ። ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ከልክ በላይ ግሏል።

ዘንድሮ ደግሞ ጋዝ አስገጠመ። ከኋላ ካለው ሲሊንደር ወደ ሞተሩ ገብቶ እንደ እብድ የሚያስጋልበው ጋዝ ነው። መጠኑን የምትወስነው ጂግለር የምትባል ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት ናት። ዶይል በየሳምንቱ ሰፋ ያለች ጂግለር ያስገባል፣ በየሳምንቱም ሰዓቱ ይቀንሳል።

ቅዳሜ ከመጀመሪያው ሩጫ ሲመለስ ካንዴላ ፈታሁ። የጫፉ ሸክላ ነጭ ሆኗል፤ ላዩ ላይ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ ብናኝ አለ። ሞተሩ ውስጥ ከሚመላለሰው ፒስተን የቀለጠ ብረት ነው። ፒስተኑ ከተበሳ ዘይቱ የኋላ ጎማው ስር ይፈሳል፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ መሪ ብትይዝ ባትይዝ ያው ነው፣ ግራና ቀኙ የኮንክሪት ግንብ ነው።

"ዶይል፣ በቃ። ጭነነው ወደ ቤት እንሂድ።"

"ስንት ገባሁ?"

"ስንትም ግባ፣ ምን አገባኝ። ፒስተኑ እየቀለጠ ነው እኮ።"

"ዘጠኝ ከምናምን ነው የገባሁት። አንድ ሩጫ ብቻ፣ የኔ እመቤት።"

ወንድሙ ሎኒ ሳንድዊቹን እያላመጠ ሳቀ። "አንቺ ቬርና፣ እናታችን እንኳ እንዲህ አልፈራችለትም።"

"እናታችሁ ካንዴላ ማንበብ አትችልማ።"

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። መከራው ሲመጣ እሱን ብቻ መክሮ አይመለስም።

እኛ ጋ ልማድ አለ። ነጂው በቀበቶ ተጠፍሮ፣ የራስ ቁር አድርጎ ምንም አይሰማም። ጎማውን አጭሶ ካሞቀ በኋላ ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው እጁን ካላነሳለት ወደ መነሻው መስመር አይጠጋም። ከተጋባን ጀምሮ ያ ሰው እኔ ነኝ። ያን ቀንም ቆምኩ፣ እጄን ግን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ዶይል ጠበቀኝ። ሞተሩን አስጮኸብኝ። ከዚያ በጣቱ ሎኒን ጠራው።

ሎኒ እኔን አየ፣ እሱን አየ። ክንዴን ይዞ ገለል አደረገኝና እጁን አነሳ።

ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ብቻ ተከተልኩ። ሳይቆራረጥ ሄደ፣ ሄደ፣ አለፈ። ዓይኔን ስገልጥ የሰዓት ሰሌዳው ስምንት ነጥብ ዘጠኝ ሰባት ይላል፣ ሕዝቡ ይጮሃል። ተመስገን አልኩ። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሲመለስ ልስመው ወይ ልምታው አላወቅኩም።

"አየሽ?" አለኝ የራስ ቁሩን እያወለቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ ካንዴላውን ሎኒ ያነባል። አንቺ አረፍ በይ።"

ሎኒ አንዱን ካንዴላ ፈትቶ ወደ ብርሃኑ አነሳው። አጠገቡ ነበርኩና አየሁት። ብናኙ በዝቷል፣ ጫፉም መቅለጥ ጀምሯል። ሎኒም አይቶታል፤ ማላመጡን አቆመ። ቀና ብሎ ወንድሙን ተመለከተ። ዶይል ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ ይጠብቀዋል።

"ንጹሕ ነው" አለ ሎኒ።

"በል ትልቋን ጂግለር አቀብለኝ" አለ ዶይል። "አንድ ዙር ይቀረናል።"