ሁለተኛው ብርጭቆ

ጠማቂው የቫኒላውን ጠርሙስ በርሜሉ ውስጥ ገለበጠና አፍንጫውን ወደ በርሜሉ አፍ ደፍቶ በረጅሙ ሳበ። ምንም የለም። ጉንፋን ከያዘው ወዲህ አፍንጫው እንደተደፈነ ቱቦ ሆኗል፤ ይህን ግን ለሚስቱ አልነገራትም። ዛሬ የሆቴሉ ሰው ሊቀምስ ይመጣል። የቸኮሌት ኬክ ጣዕም ያለውን ቢራ ከወደደው ጓሯቸው ውስጥ ያለችው ትንሽ የጠመቃ ቤት ትተርፋለች፤ ካልወደደው ጠማቂው ወደ ትልቁ ቢራ ፋብሪካ ተመልሶ ጠርሙስ ሲያጥብ ይውላል።

"እስኪሸተኝ ልጨምርበት" አለና የቀረችውንም አራገፈ። ከዚያ ኮኮዋውንና ስኳሩን ደገመ።

ሚስቱ ብርጭቆዎች ይዛ ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች።

"አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?"

"ምን ይሸታል?"

"ምን ይሸታል ትለኛለህ? ሰፈሩ በሙሉ የማን ልደት ነው እያለ ነው! የጎረቤት ልጆች አጥራችን ላይ ተንጠልጥለው ኬኩ እስኪቆረስ ይጠብቃሉ።"

ጠማቂው ሳል ቢጤ ሳለና ወሬውን ወደ ብርጭቆዎቹ ሊያዞር ሞከረ። እሷ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትሸነገል አይደለችም።

"ዓይንህን ጨፍን" አለችውና አንድ ጨርቅ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። "ምንድን ነው?"

"ቫኒላ" አለ በሙሉ ልብ።

"በረኪና ነው! አይ ጉዴ! ለመሆኑ ስንት ጠርሙስ ጨመርክበት?"

መልስ ለመስጠት ጊዜ አላገኘም። የሆቴሉ ሰው ሹፌር በሩ ላይ ጥሩንባውን ነፋ።

እንግዳው ወጣት ነው፤ ከረባቱ ከሸሚዙ፣ ሸሚዙ ከካልሲው ጋር የተስማማ። ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ከጠማቂው አማት ጋር አራት ሆኑ። አሮጊቷ የሚሠሩትን ሹራብ ከጉልበታቸው አላወረዱም፤ ለወጉ ያህል አንድ ብርጭቆ ተቀዳላቸው።

እንግዳው አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ቅንድቦቹ ወደ ላይ ወጡ፤ ለመውረድም ጊዜ ፈጀባቸው።

"ኬክ ቤት ከነመደርደሪያው የዋጥኩ ነው የመሰለኝ! ልዩ ነው፤ እውነት ልዩ ነው። ደንበኞቻችን እንዲህ ዓይነት አዲስ ነገር ነው የሚፈልጉት።"

ሚስቲቱ ከጠዋት ጀምሮ አምቃው የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀች። ጠማቂውም ሊስቅ አፉን ሲከፍት ማስነጠስ ቀደመው። ሲያስነጥስ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ አፍንጫውም ተከፈተ። ብርጭቆውን አንስቶ ቀመሰ። አንድ ከረጢት ስኳር መጥቶ ምላሱ ላይ የተቀመጠ መሰለው።

ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ ጠማቂ አንድ አባባል ነበራቸው፦ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ይሉኝታ ይጠጣዋል፤ ሁለተኛውን የሚጠይቀው ምላስ ነው።

"ልድገምልዎት?" አለ እንግዳውን።

እንግዳው ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነ። "አይ፣ አይ! መኪና እነዳለሁ።"

"ሹፌርዎ አለ አይደል?"

ሚስቱ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

"ለእኔ ድገምልኝ፣ ልጄ" አሉ አሮጊቷ።

ሁሉም ዞሩ። የአሮጊቷ ብርጭቆ ባዶ ነበር።

"ወደዱት፣ እማማ?"

"ነፍሱን ይማረውና፣ የልጅቷ አባት ጣፋጭ ነገር አይወድም ነበር። እኔም ለእሱ ስል ተውኩት።" የብርጭቆውን ቂጥ አዩ። "ከሄደ በኋላ ደግሞ፣ ብቻዬን መብላቱ አላምር አለኝ።"

አሮጊቷ ብርጭቆውን ወደ ጠማቂው ገፉት።

"ቅዳ እንጂ! ምን ትገተራለህ?"

እንግዳው እስክሪብቶውን አወጣ። "እናታችን መሰከሩ! በሉ እንፈራረም።" ሚስቲቱ ባሏን አየችው። ዓይኗ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፈርም። እሱ ግን የሦስቱን ብርጭቆዎች አየ። የእንግዳውም፣ የሚስቱም፣ የራሱም አንድ አንድ ጉንጭ ብቻ ጎድለው ተቀምጠዋል።

"ጌታዬ፣ ይህን አልሸጥልዎትም" አለ። "ጉንፋን ይዞኝ ነው ያጣፈጥኩት፤ አፍንጫዬ አሁን ገና ተከፈተ። ሌላ እጠምቃለሁ። ያኔ መጥተው ሁለተኛ ብርጭቆ ከጠየቁኝ እንፈራረማለን።"

እንግዳው ሳቀና ብርጭቆውን በአንድ ጣት ገፋ አደረገው። "እውነቱን ልንገርዎት? ጥርሴን አሞኛል።" እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። "እመጣለሁ" አለ። እመጣለሁ ያለ ሁሉ እንደማይመጣ ባልም ሚስትም ያውቃሉ።

መኪናው እንደሄደ ሚስቱ ነደደች። "ጠርሙስ ማጠብ ናፍቆህ ነው? ሰውዬው በእጃችን ገብቶ ነበር እኮ!"

"እሺ፣ አንቺ ድገሚልኝ።"

ብርጭቆዋን አየች። አንስታ አፏ ድረስ አመጣችውና መልሳ አስቀመጠችው። "አፍንጫህን ላስ" አለችው፤ ግን ከንፈሯ ዳር ላይ ሳቅ አመለጣት።

ጠማቂው የበርሜሉን ቢራ ወደ ማፍሰሻው ሊለቀው ቧንቧውን ጨበጠ። ከኋላው የአሮጊቷ ባዶ ብርጭቆ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ።

እጁን ከቧንቧው አነሳ። ጀሪካን ፈልጎ አጠበ፤ አሽትቶም ሳሙና አለመቅረቱን አረጋገጠ። ከዚያ ከቧንቧው ሥር አስቀመጠና፣ አንድ ጠብታ እንዳይፈስ ተጠንቅቆ ይሞላ ጀመር።