ያልተሰፋው ረድፍ

እትዬ ድሪቶን እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ድሪቶ ያላት ጎረቤቷ ጎሚስታው ነው፤ ለተረብ ነበር። እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። «ድሪቶ ለባሽ ከምትለኝ ድሪቶ ሠሪ ብትለኝ ምን አለበት» ብላ ሳቀችለትና ስሙ በዚያው ጸና። ከጎሚስታው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከልጇ ጋር አሮጌ ልብስ ትሸረክታለች፣ ትጎነጉናለች፣ ጉንጉኑን ጎን ለጎን እየደረደረች ትሰፋና ምንጣፍ ታደርገዋለች። የትራስ ልብስም የድስት መያዣም ይሠራሉ፤ ስሟን ያስጠራው ግን ምንጣፉ ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይታወቅልኝ፤ የኋለኛው ንዴት ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። እትዬ ድሪቶ በዕድሜዋ ከመንገድ ጨርቅ አንስታ አታውቅም። የምትቀበለው ከሚያውቋት ቤቶች ነው፤ ከባለቤቱ እጅ ወደ እጇ። ትቀቅለዋለች፣ ሁለቴ ታጥበዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ በመጨረሻ አፍንጫዋን ቀብራ ታሸተዋለች። ትንሽ ሽታ ካገኘች ተመልሶ ይቀቀላል። ልጇ «እማ፣ ልትበዪው ነው እንዴ» እያለች ትስቅባታለች። እሷ ደግሞ ሰው በባዶ እግሩ የሚቆምበት ነገር ከሚበላው ምን ለየው ብላ አፏን ታስይዛታለች።

ሌላም ልማድ አላት። ሰው የሞተበትን ወይም የራቀውን ዘመዱን ልብስ አምጥቶ ምንጣፍ አድርጊልኝ ካላት፣ የመጨረሻውን ረድፍ አትሰፋም። ጉንጉኑን ሠርታ፣ ሦስት ቦታ ላይ ብቻ በክር ወግታ፣ እንደተንጠለጠለ ትተወዋለች። ባለቤቱ ይመጣና እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ በገዛ እጁ ይዘጋዋል። መርፌ ጨብጦ የማያውቅ ጎረምሳ እንኳ ጣቱን እየወጋ ሰፍቷል። ግማሽ ሰዓት የበቃው አለ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለም አለ፤ ቶሎ በል የሚለው የለም። ለምን ሲሏት፣ ምንጣፉ የእኔ ሥራ ነው፣ ልብሱ ግን የእነሱ ነው፣ ይሰናበቱት እንጂ ትላለች። ልብስ የሚሰጧት ቤቶች ሁሉ የሚያምኗት በዚህ ነው። ያ እምነት ባይኖር ኖሮ ማን የእናቱን ቀሚስ ለመቀስ አሳልፎ ይሰጣል?

የፖስተኛው ሚስትም የመጡት ይህንኑ ሰምተው ነው። ባላቸው ከሞቱ ዓመት አልፏል። ሰባት ሰማያዊ የሥራ ሸሚዝ በከረጢት ይዘው ሦስት ጊዜ እስከ በሩ መጥተው ተመልሰዋል። እትዬ ድሪቶ በመስኮት እያየች ዝም አለች፤ እንዲህ ያለ ሰው አይጠራም። በአራተኛው ግን ገቡና ከረጢቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጠው፣ «በእጅሽ ነው» ብለው ወጡ። አምስት ሳምንት ሠራችው። ቅዳሜ ጠዋት መጥተው የመጨረሻውን ረድፍ ሊሰፉ ተቀጣጠሩ።

ሐሙስ ለት እትዬ ድሪቶ አሮጌ መጋረጃ እንሰጥሻለን ያሏት ቤት ሄዳ ነበር። ማዳም የመጣችው ያኔ ነው። ማዳም በእጅ የተሠራ የቤት ዕቃ የምትሸጥ ባለ ሱቅ ናት፤ እናትና ልጅ ከሚሠሩት አብዛኛውን የምትወስደው እሷ ናት። አርብ ትልቅ ዐውደ ርእይ ስላለባት ሾፌሯን አስከትላ እየተጣደፈች ገባችና መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አስጫነች። ሰማያዊውን ምንጣፍ ስታይ ዐይኗ ቀረ። ልጅቷ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይሄ የሰው ነው ብላለች። ማዳም ለዕይታ ብቻ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳትሞቅ ይመለሳል አለቻት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ሰጠቻት።

እናትየዋ ተመልሳ ባዶውን ማንጠልጠያ ስታይ ምን እንዳለች ባልናገር ይሻላል። ጎሚስታው ጎማውን ጥሎ እስኪመጣ ድረስ ነው የጮኸችው። ልጅቷ ሁለት ቀን አይደል ወይ፣ ማዳምን ላስቀይማት ወይ ብላ ታለቅሳለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማሽም ወይ ብላ እናትየዋ ትጮሃለች። ስልክ ተደወለ፤ ማዳም አታነሳም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዐይኗ አልዞረም።

አርብ ጠዋት ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ አዳራሹ ድረስ ሄደች። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ከላይ እስከ ታች አያትና ዕቃ የሚያስገቡ ሰዎች በጓሮ ነው አላት።

«እኔ የመጣሁት ላስገባ አይደለም» አለችው፤ «ላወጣ ነው።»

ምን ማለቷ እንደሆነ እስኪገባው አልፋው ገባች። አዳራሹ ወለሉ ፊት ያሳያል፤ ሰው በሹክሹክታ ያወራል። የእሷ የድስት መያዣዎች እንደ ጌጥ በመስታወት ሣጥን ተደርድረዋል፤ ሳቋ መጥቶ ነበር። ወዲያው ቀና ስትል የፖስተኛውን ምንጣፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ መብራት በርቶለት አየችው። ከጎኑ የሷ ፎቶ ሰውን አክሎ ቆሟል። ከሁለት ሳምንት በፊት የማዳም ፎቶ አንሺ መጥቶ፣ እዚህ ጋ ብርሃኑ ጥሩ ነው ብሎ የጎሚስታው የተቀዳደደ ጎማና ብረታ ብረት ክምር ፊት አቁሟት ነበር። እሷም ሞኝ፣ ፈገግ ብላ ተነስታለች። አሁን ፎቶው ላይ ስትታይ ከዚያ ክምር ውስጥ ቆፍራ የወጣች ነው የምትመስለው። ከሥሩ ጽሑፍ አለ፤ ማንበብ አትቸገርም። «ከቆሻሻ ክምር ከተለቀመ፣ ባለቤቱ ካልታወቀ ጨርቅ የተሠራ» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ባለቤቱ ካልታወቀ! የትኛው ሸሚዝ ክርኑ ላይ እንደሳሳ፣ የትኛው ኪሱ ላይ ቀለም እንደፈሰሰበት፣ ቁልፉ ሲወልቅ ሚስትየዋ በምን ክር እንደተከሉት ሳይቀር ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ነች ይሄን ያነበበችው። እኚያ ሦስት ጊዜ ከበር የተመለሱት ባለቤት ናቸው ያልታወቁት? እንግዲህ ደሟ ፈላ።

ማዳም አየቻትና ደስ ብሏት እየተውረገረገች መጣች። እጇን ይዛ ወደ እንግዶቿ አዞረቻት፤ ይቺ እናታችን ናት፣ ሰው የጣለውን እየለቀመች ነፍስ የምትዘራበት እሷ ናት አለቻቸው። እንግዶቹ አንገታቸውን ዘመም አድርገው በሐዘኔታ ፈገግ አሉላት። አንዷማ ትከሻዋን ዳበስ አደረገቻት።

«እኔ ለቅሜ አላውቅም» አለች እትዬ ድሪቶ፤ ድምፅዋ ሹክሹክታውን ሁሉ ጸጥ አደረገው። «ይሄ የፖስተኛ ሸሚዝ ነው። ሚስትየዋ በሕይወት አሉ፤ ነገ ጠዋት ቤቴ ይመጣሉ። አውርዱልኝ።»

ማዳም እየሳቀች ወደ ጥግ ወሰደቻትና ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳቻት። ሰው የሚወደው ታሪኩን ነው፤ የታጠበ፣ የተቀቀለ፣ ከጎረቤት የመጣ ብንል ማን ዞር ብሎ ያየናል፤ ደግሞ ይሄኛውን አንድ ትልቅ እንግዳ ወዶታል፣ ቃል ገብቼለታለሁ፣ እናቴ እባክሽ አታዋርጂኝ አለች። እትዬ ድሪቶ እስከዚያች ደቂቃ ማዳምን «እርስዎ» ነበር የምትላት።

«ለሴትየዋ ምን ልበላቸው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሌላ ሰማያዊ ሸሚዝ ፈልጊና ሥሪላቸው» አለች ማዳም። «ከተሸረከተ በኋላ ሸሚዝ ሸሚዝ ነው። በምን ያውቃሉ?»

«አንቺ ዐይን አውጣ» አለቻት እትዬ ድሪቶ። ከጥግ አንድ ወንበር ጎትታ ግድግዳው ሥር አቆመችና፣ ጥበቃው እየተንደረደረ ሲመጣ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ በደህና ቀሚሷ፣ ወጣችበት። እጇን ወደ ምንጣፉ ስትዘረጋ ነው ጠርዙን ያየችው። እንደተንጠለጠለ የተወችው የመጨረሻው ረድፍ የለም። በመቀስ፣ ቀጥ ተደርጎ፣ ተቆርጧል።

ወንበሩ ላይ እንደቆመች ጉንጉኑ የት አለ አለች። ማዳም መጀመሪያ ምን እንደምትል እንኳ አልገባትም። ኋላ ያ የተንጠለጠለው ነገር ነው ወይ፣ ሲሰቀል ስላስጠላ የሰቀሉት ልጆች አስተካከሉት፣ ተጠርጎ ሄደ አለቻት።

ያ ረድፍ የተጎነጎነው ከሰባቱም ሸሚዞች ቀኝ ትከሻ ነበር። የፖስታው ቦርሳ ማንገቻ ዕድሜውን ሙሉ ሲፍቀው ጨርቁ ሳስቶ ቀለሙ ነጥቷል፤ እትዬ ድሪቶ ያን እየለየች ለብቻ አስቀምጣ ለመጨረሻው ረድፍ ያቆየችው፣ ሚስትየዋ ሲሰፉ እጃቸው እንዲነካው ብላ ነው። ተጠርጎ ሄደ!

ምንጣፉን አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችና በጓሮ በር ወጣች። ሦስት ትልልቅ የቆሻሻ በርሜሎች ተደርድረዋል። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን እስከ ብብቷ ቆሻሻ ውስጥ የከተተችው ያን ጊዜ ነው። የወረቀት ኩባያ፣ የጠወለገ አበባ፣ የካርቶን ቁራጭ፣ የሰው ትራፊ፤ አንዱን በርሜል ስትጨርስ ሌላውን ገለበጠች። ጥበቃው እንኳ ቁጣው ጠፍቶበት አጠገቧ ቆመና፣ የትናንቱን ቆሻሻ መኪናው ጠዋት አንስቶታል፣ አይድከሙ አላት። ማዳም በሩ ላይ ሆና ከዛሬ ጀምሮ አንድ የድስት መያዣ እንኳ ከእናንተ አልወስድም ስትል ተሰማ። እትዬ ድሪቶ ዞር ብላም አላየቻት።

ቤት ስትደርስ ልጅቷ ቀሚሷን አይታ ደነገጠች። ነገሩን ሰምታ አለቀሰች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ጉልበቷን ያዘች። ከዚያ ዐይኗን ጠራርጋ ወደ መደርደሪያው ሄደችና አንድ የታጠፈ ጨርቅ ይዛ መጣች፤ የአንድ ሹፌር አሮጌ ሸሚዝ ነው፣ ሰማያዊ፣ ትከሻው የነጣ።

«እማ፣ ዛሬ ማታ ብንጎነጉነው ይደርሳል» አለች። «አይለዩትም እኮ።»

የማዳም ንግግር ያላንገበገባትን ያህል ይሄ አንገበገባት። ማዳም ባዳ ናት፤ ይቺ ግን ከማህፀኗ ወጥታ፣ ከእጇ ሙያ ተምራ፣ ያንኑ ቃል ተናገረች። ሸሚዙን ከእጇ ተቀብላ ቦታው መለሰችው። በዚህ ቤት ሰው የሰጠውን የሚያውቅ መስሎኝ ነበር ብቻ አለቻት።

ቅዳሜ የፖስተኛው ሚስት በጠዋት ደረሱ። ጸጉራቸውን አበጥረው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ የራሳቸውን መርፌ በትንሽ ጨርቅ ጠቅልለው ነው የመጡት። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት እናትየዋ አስቆመቻት፤ በቤቴ የሆነውን የምናገር እኔ ነኝ አለች። አንዲት ነገር ሳትደብቅ ነገረቻቸው፦ ማን እንደወሰደው፣ ማን አሳልፎ እንደሰጠው፣ ምን ተብሎ እንደተጻፈበት፣ እንዴት እንደተቆረጠ። ስትጨርስ ምንጣፉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችው።

ሴትየዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ምኑ ነበር እዚህ ጋ?»

«የቀኝ ትከሻው» አለች እትዬ ድሪቶ።

መነጽራቸውን አወለቁ። አላለቀሱም። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ እንጂ እንባ አልወጣቸውም።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ ተሸክሟል» አሉ። «ዝናብ ሲመጣ ኮቱን አውልቆ ቦርሳውን ነበር የሚያለብሰው፤ እሱ እየበሰበሰ። ሲሳደቡት ዝም፣ ውሻ ሲነክሰው ዝም። አንድ ደብዳቤ አልጠፋበትም። አንድ። አንቺ ሰዉ ሁሉ የሚያምንሽ ሴት፣ የሰጠሁሽ ስንት ነበር?»

እትዬ ድሪቶ የማዳምን ስም ልትጠራ አሰበችና ተወችው፤ እሳቸው ከረጢቱን ያስቀመጡት በማን ጉልበት ላይ ሆነና?

ሴትየዋ ምንጣፉን ጠቀለሉ። ከባድ ነበር፤ ብብታቸው ሥር ሊይዙት ሲሉ አዳለጣቸው። እትዬ ድሪቶ ብድግ ብላ እስከ ቤት ልያዝልዎት ብላ እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አሉ የፖስተኛው ሚስት። «እኔው ብይዘው ይሻለኛል።»