የተበሳው ባልዲ

ባሌ የልብስ ማጠቢያ ባልዲዬን በሳው። ለሁለት ሰው በሚሆነው ፕላስቲክ ታንኳችን ላይ፣ ከመቀመጫው ኋላ አሰረው። ትንሽ ፓምፕ ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ይሞላዋል፤ የተረፈው በቀዳዳው ይወርዳል። ትልቅ ዓሣ የምንይዝባቸው ትንንሽ ዓሦች በሕይወት እንዲቆዩ ነው አለ።

ሐይቁ መሃል ስንደርስ ዞር ብሎ አያቸው።

"አየሽ፣ አንዷም አልሞተችም" አለ ደረቱን ነፍቶ።

"ጎበዝ። በል መንጠቆህን አውጣ።"

ኪሱን ዳበሰ፤ ቦርሳውን ገለበጠ። መንጠቆዎቹ ፓምፑን ሲገጣጥም በዋለበት ጠረጴዛ ላይ ቀርተዋል።

ልቆጣ አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ። እስኪበርድ ድረስ ስንቀዝፍ ቆይተን ዓሦቹን ወደ ሐይቁ መለስናቸው።

ማታ እናቴ ደውላ "ምን ያዛችሁ?" አለችኝ።

"ምንም፣ እማዬ። ዓሦች አንሸራሽረን መጣን።"