ብርድ ላይ ያደረች መኪና

«መሐላ አልፈልግም፣ አባ» አለ የሺዋስ። «በታቦት የሚምል ሞልቷል። እኔ የምፈልገው መኪናዋ ስትነሳ ማየት ነው። ከተነሳች እህቴን ማን እንደገደላት አወቅሁ ማለት ነው። ልጅቱንም ይዤ አገራችን አምባራስ እገባለሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚቆረጥም ሰው ሁሉ ቀና አለ። የሟቿ የንስሐ አባት አባ ይግዛው ተነፈሱ። «ልጄ፣ አፈሩ ገና አልደረቀም እኮ።»

«እሱ ይድረቅ አይድረቅ፣ እህቴ ሥሩ ነች።»

አንሙት አንገቱን ደፍቶ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። የአራት ዓመት ልጁ ስጦታ ጭኑ ላይ ተኝታለች። አጎቷ በእሷ ነገር እየተሟገተ መሆኑን አታውቅም፤ እናቷ መሞቷም ገና በደንብ አልገባትም። አንሙት ጋቢውን ሳብ አድርጎ እግሯን ሸፈነው።

ሐሙስ ንጋት ላይ ነበር ደብረወርቅ ሆዷን ይዛ የወደቀችው። አንሙት ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባትና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጓራ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ አልተነሳም። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ አዞረ። ከደባርቅ በላይ በዚያ መንገድ ዳር ሌላ መኪና የለም። ጎረቤት በቃሬዛ ይዟት ሲሮጥ ከተማው ሳይደርሱ አለፈች።

የሺዋስን ያበገነው ያቺ አሮጌ የናፍጣ መኪና በየማለዳው እንዴት እንደምትነሳ ማወቁ ነው። ፈረንጅ ጭና ወደ ስሜን ስትወጣ አንድ ጊዜ ከነኳት ይበቃታል፤ መንደሩ በእሷ ድምፅ ነው የሚነቃው። ታዲያ ለሰው ሁሉ ስትነሳ ኖራ ለእህቱ ብቻ እንዴት እምቢ ትላለች? በዚያ ላይ ረቡዕ ማለዳ አንሙት ሚስቱ ላይ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በተራ ነገር ነው፣ የሺዋስ።»

«ተራው ነገር ስም የለውም?»

አንሙት ጋቢውን እንደገና ልጁ ላይ አስተካከለ። ዝምታው እንደሚጎዳው ያውቃል። ግን አፈር የለበሰች ሚስቱን በምን እንደተቆጣት በለቀስተኛ ፊት መናገር እንዲህ ቀላል አይደለም። ነገሩ ትንሽ በሆነ ቁጥር አፍ ላይ ይከብዳል።

ከሰዓት በኋላ የሺዋስ ያስጠራው ሜካኒክ ገዱ ከዳባት አዲስ ባትሪ ይዞ ደረሰ። የሺዋስ አሁኑኑ ይሞከር ሲል ገዱ ሳቁ እንዳይታይበት ፊቱን አዞረ።

«ብርድ ላይ እምቢ ያለ ሞተር ጸሐይ ላይ አይመረመርም፣ ወንድሜ። ውጭ ትደር። ነገ ጸሐይ ሳይወጣ እናያታለን።»

የሺዋስ ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ማንም እንዳይነካካት ሌሊቱን ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ አደረ።

አንሙትም አልተኛም። ደብረወርቅን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያች መኪና ያመጣት ከአምባራስ ነበር፣ በሠርጋቸው ቀን። ከበቅሎ ሌላ ተቀምጣ የማታውቅ ሙሽራ መንገድ ላይ አስመልሷት ወንበሩን አበላሸችው። ሚዜዎቹ በሳቅ ሲሞቱ እሷ መኪናውን አስቁማ፣ የሠርግ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከወንዝ ውሃ ቀድታ ወንበሩን ራሷ አጠበችው። «ካሁን በኋላ የኔም ናት» አለችው። እውነትም የሷም ሆነች። በየማለዳው መኪናዋ አጠገብ ሻይ እያፈላች ለበቅሎ ነጂዎችና ለአስጎብኚዎች ትሸጣለች። እሱ ሲነሳ ትኩስ ሻይ ይዛ ትጠብቀዋለች። ሰው ሁሉ ይወዳት ነበር። አንሙት ግን እንደሚወዳት ነግሯት አያውቅም፤ የሚነገር ነገርም አይመስለው ነበር።

ሲነጋጋ ሁሉም ወጣ። የሰልስት ቀን ነው። መስታወቷን አመዳይ ሸፍኖታል። መኪናዋ አፍንጫዋን ለቤቱ ግድግዳ ሰጥታ ቆማለች። ገዱ በጎን ገብቶ ባትሪውን ቀየረ፣ ቁልፉን ከየሺዋስ ተቀበለ፣ ገብቶ ተቀመጠ። አባ ይግዛው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንሙት ስጦታን ታቅፎ ትንፋሹን ያዘ። እንዳትነሳ ነበር የሚለምነው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልዮ አያውቅም።

ገዱ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

የሺዋስ እጁን ዘረጋና ልጅቱን ከአባቷ ክንድ ላይ አነሳት። አንሙት አልታገለውም። ምናልባት እኔው ነኝ፣ ደንግጬ አንድ ነገር አበላሽቼ ይሆናል ብሎ በራሱ ላይ ፈረደ። ስጦታ «አባዬ!» ብላ ስትጮህ ሴቶቹ ደረታቸውን መድቃት ጀመሩ።

«ቆይ!» አለ ገዱ። ከመኪናው ወርዶ ኮፈኑ ሥር እጁን ሰድዷል። ፊቱን አኮማተረ። «ማነው ሌሊት የነዳት?»

«ማንም!» አለ የሺዋስ። «ቁልፉ እኔ ኪስ ነው ያደረ።»

«አመዳይ ሲወርድበት ያደረ ሞተር እንዲህ አይሞቅም።»

ሞተሩን አጠፋ። መሬት ላይ ተንበርክኮ ከግድግዳው በኩል እጁን አስገባና ፍም የሞላ የከሰል ምድጃ ጎትቶ አወጣ። ማንቆርቆሪያው ከነሻዩ ላዩ ላይ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች የደብረወርቅ ጎረቤት ወርቄ ደንግጣ። «ለለቀስተኛው ሻይ ላፈላ ብዬ ሌሊት በጓሮ በኩል ያስገባሁት ነው። እዚያ ነፋስ አይገባም። ደብሬም ሁልጊዜ እዚያ ነው የምታቀጣጥለው። ምን አጠፋሁ?»

ገዱ ከሣጥኑ ሽቦና ትንሽ አምፖል አውጥቶ ሞተሩን በብርድ የሚያሞቁትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ነካካቸው። አምፖሉ በአንዱም አልበራም። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ቀና ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አራቱም ሞተዋል። ዛሬም አይደለም የሞቱት፣ ከርመዋል። ይቺ መኪና በዚህ ብርድ በራሷ አቅም አትነሳም። በየማለዳው ሲያስነሳት የኖረው ይኼ እሳት ነው።»

«ሐሙስ ለታ ግን...» ብላ ጀመረች ወርቄ። አልጨረሰችውም። ሐሙስ ንጋት ከሰል የምታቀጣጥለው ሴት እኮ መኪናው ውስጥ ተኝታ ነበር።

የሺዋስ ልጅቱን እንዳቀፈ ወደ አንሙት ዞረ። ሲጠይቀው ድምፁ የትናንቱ አልነበረም።

«በምን ነበር የተጣላችሁት?»

«በዚሁ እሳት» አለ አንሙት። «ሞተሩ ሥር መሆኑን ያን ቀን ገና ማየቴ ነው፤ መኪናዬን ልታቃጥዪ ነው አልኳት። በእግሬ ገፍቼ አወጣሁት። ሁለተኛ እዚህ እሳት እንዳላይ ብዬ ጮህኩባት።»

«እሷስ?»

«ሳቀች። መኪናዋ ነፋስ ትከልልልኛለች፣ አንተን ምን ቸገረህ አለችኝ። ሻዬን ሰጠችኝ። ጠጥቼ ሄድኩ።» ወደ ምድጃው አየ። «አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም፣ የሺዋስ።»

አባ ይግዛው መስቀላቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ። የሺዋስ ለረጅም ጊዜ መኪናዋን አየ። የሚቆጣበት ነገር ሲያጣ እንባው መጣ፤ እህቱ ከሞተች ጀምሮ አላለቀሰም ነበር። ጎንበስ ብሎ ስጦታን መሬት ላይ አቆማት። እየሮጠች አባቷ እግር ላይ ተጠመጠመች።

አንሙት በአንድ እጁ ልጁን እንደያዘ ተንበረከከ። ምድጃውን ወደ ሞተሩ ሥር፣ እሷ ታስቀምጥበት ወደነበረው ጥግ መልሶ አስገባው። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ጋረደው።

«ሻዩ እኮ ፈልቷል፣ ልጄ» አለች ወርቄ ቀስ ብላ።

አንሙት ፍሙን እፍ ማለቱን አላቆመም።